ሟቹን ጨምሮ መውደድ፦ ስለ ጃፓን የፍቅር አኒሜ የከፈትኩት ክር እስካሁን የደረሰበት

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ጥር መጨረሻ ላይ ነው። አሁን 44 ምላሾች አሉት። አዲስ የሚመጡ ሰዎች ከላይ ጀምረው ሳያነቡ መሃል ላይ እየገቡ አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ስለጠየቁ፣ አወያዩ ጠቅለል አድርጌ እንድጽፈው ነገረኝ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ የምላሾቹን ቁጥር ግን አስቀምጣለሁ፣ የፈለገ ሄዶ ያንብብ። ደግሞ ማን እንደሚሞትና ታሪኩ እንዴት እንደሚያልቅ ሳይነገር ስለዚህ ጉዳይ ማውራት አይቻልም። መጨረሻውን አስቀድሞ መስማት የማይወድ ሰው እዚህ ላይ ያቁም።

የመክፈቻ ጽሑፌ እንዲህ የሚል ነበር። ብዙዎቻችን የምንወዳቸው የጃፓን የፍቅር አኒሜዎች (የካርቱን ፊልሞች) ሞትን እንደ ትምህርት ቤት ይጠቀሙበታል። ልጅቷ ትታመማለች፤ የደነዘዘውን ልጅ ትቀሰቅሰዋለች፤ ትሞታለች። እሱ ደብዳቤዋን አንብቦ ያለቅሳል፣ ያድጋል፣ ታሪኩም በዚያው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ማንም አያሳየንም። ለቅሶ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ግን ከባዱ ነገር የሚጀምረው ድንኳኑ ከተነሣ፣ ወንበሩ ለዕድሩ ከተመለሰ በኋላ እንደሆነ ያውቃል።

ስለዚህ ሌሎቹ የሚያበቁበት ቦታ ላይ የሚጀምረውን «ሜዞን ኢኮኩ»ን አነሣሁ። ሩሚኮ ታካሃሺ ከ1980 እስከ 1987 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የሣለችው ማንጋ፣ ማለትም በሥዕል የሚነገር ታሪክ ነው፤ ከ1986 እስከ 1988 በ96 ክፍሎች በቴሌቪዥን ቀርቧል። ኪዮኮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ትምህርት ቤቷ ያስተምር የነበረውን ሶኢቺሮን ትወድዳለች፤ ያገባታል፤ ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው ይሞታል። እሷም አማቷ ያላቸውን አሮጌ ባለ ብዙ ተከራይ ቤት ልታስተዳድር ትመጣለች። እዚያ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የወደቀ፣ በዕድሜ ሁለት ዓመት የሚያንሳት ጎዳይ የሚባል ልጅ ቁጥር 5 ውስጥ ተከራይቶ ይኖራል፤ ይወድዳታልም። ኪዮኮ ነጭ ውሻ አላት። የውሻው ስም ሶኢቺሮ ነው፤ የሟቹ ባሏ ስም። ጎዳይ መጀመሪያ ላይ ያንን ስም ሲሰማ ማን እንደሆነ እንኳ አያውቅም።

ጥያቄዬ፦ ልቡ ውስጥ የሞተ ሰው ያለበትን ሰው ሙሉ በሙሉ መውደድ ይቻላል ወይ? ጎዳይ እውነተኛ ሰው ነው ወይስ የደራሲዋ ምኞት?

ምላሽ 1 በሁሉም ነገር ተስማማ፤ ሌላ አላለም። ምላሽ 2 ደግሞ እንዴት እንደምታገኘው ጠየቀችኝ። በእጅ የተሣለ የድሮ ሥራ መሆኑን፣ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በአብዛኛው የሚጠጡ ጎረቤቶች ጫጫታ እንደሆኑ ነግሬ እንድትታገሠው ለመንኳት። ከቁጥር 4 ያለው ተከራይ ግድግዳውን ቦርቡሮ ወደ ጎዳይ ክፍል የሚገባበትን ቦታ አይታ ልትዘጋው እንደነበር በኋላ ጻፈችልኝ። አልዘጋችውም።

ምላሽ 3 በትሕትና ተጀምሮ በቁጣ ያለቀ ረጅም ጽሑፍ ነው። በስም ባልጠራውም «የኤፕሪል ውሸትሽ» (2014–2015፣ 22 ክፍሎች) የተባለውን አኒሜ እንደምል ገብቶት ተናደደ። ልጅቷ የምትሞተው ልጁን ልታሳድግ ነው ማለቴ ግማሹን ታሪክ አለማየት እንደሆነ ጻፈ። ልጁ፣ ኮሴይ፣ መጀመሪያ ያጣው ልጅቷን ካኦሪን አይደለም፣ እናቱን ነው። ያውም በፍቅርና በሰላም አይደለም፤ ታምማ ሳለች እየመታች ፒያኖ ታስጠናው ነበር። እሱም አንድ ቀን በንዴት ብትሞቺ ይሻል ነበር አላት፣ ሞተችም። ከዚያ ወዲህ ፒያኖው ላይ ሲቀመጥ የገዛ ጣቶቹን ድምፅ መስማት አቃተው። ስለዚህ የካኦሪ ሞት ሁለተኛው ነው፣ ልዩነቱም በሁለተኛው ጊዜ እስከ መጨረሻው መጫወት መቻሉ ነው ይላል ጸሐፊው። ካኦሪም ብትሆን የልጁ መሣሪያ አይደለችም፤ በአምስት ዓመቷ መድረክ ላይ ካየችው ጀምሮ ልቧ እሱ ላይ ነበር፣ አንድ ቀን አብሮኝ ይጫወታል ብላ ፒያኖዋን ትታ ቫዮሊን የጀመረች ልጅ ናት። የራሷን ትንሽ ዘመን በራሷ መንገድ የተጠቀመች ሰው ናት ሲል ዘጋው፤ እኔ ያለ ጥናት እንደምጽፍም ጨመረበት።

ቃሉ ቢያምም ልክ ነበር። በምላሽ 4 የእናቱን ነገር አቅልዬ ማየቴን አመንኩ። ግን አንድ ነገር አልለቀቅሁም፦ ኮሴይን በ25 ዓመቱ አናየውም። ሌላ ሴት ስትጠጋው የካኦሪ ቫዮሊን ጆሮው ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አናውቅም።

ምላሽ 5 ሙዚቀኛ ነው። የመጨረሻውን የመድረክ ክፍል ብቻ ይዞ ጻፈ። ካኦሪ ቀዶ ሕክምና ላይ ሳለች ኮሴይ የሾፓንን የመጀመሪያ ባላድ፣ በጂ ማይነር ያለውን፣ ብቻውን ይጫወታል፤ በሐሳቡ ውስጥ እሷ መጥታ አብራው ትቆማለች፣ ከዚያ ትጠፋለች። ሙዚቀኛው እንደሚለው ባላዱ ለአንድ ፒያኖ የተጻፈ ነው፣ ቫዮሊን የለበትም። ስለዚህ እሷ ስትጠፋ ከኖታው አንድም ነገር አይጎድልም፣ ሰሚው ግን ጉድለቱን ይሰማዋል። ይህን ልቦለድ በቃል ሊያደርገው አይችልም፤ ሥዕልና ድምፅ አንድ ላይ ሲሆኑ ብቻ የሚሆን ነገር ነው። ከዚህ ክር ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህንን ነው። ምላሽ 6 ከቴል አቪቭ የምትጽፍ እናት ናት። እሷን ሙዚቃው አልያዛትም፣ የእናትየዋ ዱላ ነው የያዛት። ልጇን በትምህርት የምታስጨንቅበትን ድምፅ እዚያ ሰምታ አኒሜውን ዘጋችው፤ ሳምንት ቆይታ ተመለሰችበት።

ምላሽ 7 ክሩን ወደ ሌላ ቦታ ወሰደው። ማንም ሳይሞት የሚደርስ ኀዘን አለ፣ እሱ ደግሞ ይብሳል አለ ጸሐፊው። በሞት ለተለየህ ሰው አገር ምድሩ መጥቶ ያስተዛዝንሃል፤ በርቀት ለተለየህ ሰው ግን ማንም እግዜር ያጽናህ አይልህም። ያነሣው ማኮቶ ሺንካይ በ2007 የሠራውን «በሰከንድ 5 ሴንቲሜትር» ነው፤ 63 ደቂቃ ብቻ የሚረዝም፣ በሦስት ክፍል የተከፈለ ፊልም። ርእሱ የቼሪ አበባ ቅጠል የሚወድቅበት ፍጥነት ነው፣ አካሪ ለታካኪ በልጅነታቸው የነገረችው።

ስለዚህ ፊልም ብዙ ስለተጻፈ የመጀመሪያውን ክፍል ላልተመለከተው ልንገረው። ሁለቱ ልጆች በትምህርት ቤት ይዋደዳሉ፤ የእሷ ቤተሰብ ከቶኪዮ በስተሰሜን ወዳለው ቶቺጊ ይሄዳል። ዓመት ካለፈ በኋላ የእሱም ቤተሰብ ወደ ደቡብ ጫፍ፣ ታኔጋሺማ ደሴት ሊሄድ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ባቡር ተሳፍሮ ልያት ማለት አይቻልም። ስለዚህ በመጋቢት አንድ ምሽት ብቻውን ባቡር እየቀያየረ ሊያያት ይነሣል። በረዶ ይጥላል። ባቡሩ በየጣቢያው ይቆማል፣ ሜዳ ላይም ይቆማል። ሊሰጣት የጻፈውን ደብዳቤ ነፋስ ከእጁ ነጥቆ ይወስደዋል። የቀጠሯቸው ሰዓት ያልፋል፤ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ከአራት ሰዓት በላይ። እባክሽ ቤትሽ ግቢ እያለ በልቡ ይለምናል። ኢዋፉኔ የምትባለዋ ትንሽ ጣቢያ ሲደርስ ግን ምድጃው አጠገብ፣ የሠራችለትን ምግብ ጭኗ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። እኔን ልቤን የሚነካኝ በረዶው ውስጥ ዛፉ ሥር የሚሳሳሙበት ቦታ አይደለም። በማግስቱ ባቡሩ ከሄደ በኋላ ያለው ነው፦ እሷም የጻፈችለት ደብዳቤ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፣ ሳትሰጠው ቀረች። ሁለት ደብዳቤ ተጽፎ አንዱም አልተነበበም።

ምላሽ 9 በዚህ ሁሉ አልራራችም። ታካኪ ራስ ወዳድ ነው አለች። ማስረጃዋ ካናኤ ናት፦ ደሴቱ ላይ የምትወድደው፣ በሰሌዳ ማዕበል ላይ መቆም የቻልኩ ቀን እነግረዋለሁ ብላ ለራሷ ቃል የገባች ልጅ። ትቆማለች። መንገድ ላይ ልትነግረው ስትል ከማዶ ሮኬት ይተኮሳል፤ ሁለቱም ቀና ብለው ያያሉ፤ እሱ የሚያየው እሷን እንዳልሆነ ያኔ ይገባታል፣ ዝም ትላለች። የእሱ ናፍቆት የእሷን ወጣትነት በላው፣ እኛ ግን የምናለቅሰው ለእሱ ነው ስትል ጠየቀች። ምላሽ 10 ታካኪ ልጅ እንደነበር አስታወሳት። ምላሽ 11 ግን መልስ ሳይሆን የራሱን ነገር ይዞ መጣ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ጀርመን ከሄደ አሥር ዓመት አልፎታል፣ የተወው ፍቅር ነበረው። አልተጣሉም። ማንም ማንንም አልከዳም። መልእክቱ ከየቀኑ ወደ የሳምንቱ፣ ከዚያ ወደ በዓል ብቻ ሆነ። በፊልሙ ሦስተኛ ክፍል የታካኪ የኋላ ፍቅረኛ አንድ ሺህ ያህል መልእክት ተለዋውጠን ልባችን የተቀራረበው ምናልባት አንድ ሴንቲሜትር ብቻ ነው የምትልበትን ቦታ ሲሰማ ስልኩን አንሥቶ የራሱን መልእክቶች መቁጠር እንደጀመረ ጻፈ። ምላሽ 12 አጽናናው። ምላሽ 13 ሰደበው፤ አወያዩ ሰርዞታል፣ ቁጥሩ ባዶ የሆነው ለዚህ ነው።

እኔ በመካከሉ ታካኪ መጨረሻው ላይ ከነቁስሉ የቀረ ሰው ነው ብዬ ጽፌ ነበር። ምላሽ 14 ይህንን አረመኝ፤ የክሩ ምርጥ እርማት ይመስለኛል። የመጨረሻውን ትዕይንት አስታወሰን፦ ታካኪ ቶኪዮ ውስጥ የባቡር ማቋረጫ ላይ ከአንዲት ሴት ጋር ይተላለፋል፤ ሁለቱም ዘወር ሊሉ ሲሉ ባቡር በመካከላቸው ያልፋል፣ ሌላም ይከተላል። ባቡሩ ሲያልፍ ሴትየዋ የለችም። አብዛኛው ተመልካች እዚህ ላይ ያለቅሳል። ታካኪ ግን ፈገግ ብሎ ፊቱን አዙሮ ይራመዳል። ሺንካይ ራሱ በዚያው ዓመት በጻፈው ልቦለድ ደግሞ ነገሩ በግልጽ አለ፦ ይህ ባቡር ካለፈ ወደፊት እራመዳለሁ ብሎ የወሰነው ቀድሞ ነው። ማለት፣ ብትቆይም ባትቆይም ሊራመድ ነበር። በቦታው አለመኖሯ አልሰበረውም። ይህን ካነበብኩ በኋላ ፊልሙን እንደገና ከፈትኩት፣ ያንን ፈገግታ ስንት ጊዜ እንባዬ ሸፍኖብኝ እንዳለፈኝ አየሁ።

ከ16 እስከ 21 ያሉት «ክላናድ፦ አፍተር ስቶሪ» (2008–2009) ስለተባለው አኒሜ የተደረገ ጦርነት ናቸው። ባጭሩ፦ ቶሞያ ሚስቱን ናጊሳን በበረዶ ቀን፣ በወሊድ ያጣታል። ሕፃኗን ኡሺዮን ለአያቶቿ ትቶ አምስት ዓመት በሥራና በመጠጥ ያልፋል። በመጨረሻ ነገሩ ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ናጊሳ ትድናለች። ምላሽ 16 ይህ መጨረሻ ማጭበርበር ነው አለ፤ የሞተ ሰው ከተመለሰ ያ ሁሉ እንባ ምን ነበር? ምላሽ 17 ተአምር የማይወድ ተረት አያንብብ ብሎ መለሰለት፣ ከዚያ ወደ ግል ስድብ ወረዱ። እኔ የ16 ወገን ነኝ፤ ሥራው ራሱ በገነባው ኀዘን ላይ እምነት ያጣ ይመስለኛል። ቢሆንም ምላሽ 19 ሁለቱንም ዝም አሰኛቸው። ይህ ሰው እናቱ በወሊድ የሞተችበት ነው። አባቱ የከባድ መኪና ሾፌር ሆኖ መንገድ ላይ ቀረ፤ ያሳደጉት አያቱ ናቸው። ቶሞያና ኡሺዮ አበባ ሜዳ ላይ የጠፋ መጫወቻ የሚፈልጉበትን ክፍል፣ ልጅቷ ማልቀስ የሚፈቀደው መጸዳጃ ቤት ወይም አባቷ እቅፍ ውስጥ ብቻ እንደሆነ የተነገራትን፣ አውቶቡስ ውስጥ በስልኩ ሲያይ ከመውረጃው ሦስት ፌርማታ ቀድሞ ወረደ። እዚያው ታሪክ ውስጥ ቶሞያ የገዛ አባቱም ሚስቱ ሞታበት እሱን ለብቻው እንዳሳደገ ከአያቱ ይሰማል። ስለ መጨረሻው ተአምር ግድ የለኝም፣ ለእኔ ታሪኩ ያለቀው እዚያ ሜዳ ላይ ነው አለ። ለአባቱ እስካሁን እንዳልደወለም ጻፈ።

ከዚያ ክሩ ተበተነ፤ ግን በደግ መበተን ነው። ምላሽ 22 የጃፓን የድሮ ዘፈን፣ ኤንካ የሚባለው፣ ለምን የእኛን ትዝታ እንደሚመስል ጠየቀ። የ5ቱ ሙዚቀኛ ተመልሶ መጣና አስረዳ፦ ኤንካ ብዙ ጊዜ የሚዘፈነው ዮናኑኪ በሚባል ስልት ነው፤ ቃሉ አራተኛውና ሰባተኛው ድምፅ የወጣበት ማለት ነው፤ አምስት ድምፅ ይቀራል። የዮናኑኪ ማይነር አምስት ድምፆች ከትዝታ ማይነር ቅኝት ጋር አንድ ናቸው። ከየት ወደ የት ሄደ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም፣ ሁለት አገር ለናፍቆት አንድ መሰላል አግኝቷል አለ።

ምላሽ 24 ጃፓኖች እወድድሻለሁ ለማለት ጨረቃዋ ታምራለች እንደሚሉ፣ ይህንንም ደራሲው ናትሱሜ ሶሴኪ ለተማሪዎቹ እንዳስተማረ ጻፈች። ምላሽ 25 አረማት፤ አባባሉ ለሶሴኪ ይሰጣል እንጂ በጽሑፎቹ ውስጥ ማስረጃ አልተገኘለትም። ይልቅ ከጨረቃ ጋር የሚገናኘው እውነተኛ ትዕይንት በ2016 በናኦኮ ያማዳ በተሠራው «የድምፅ ቅርጽ» ፊልም ውስጥ ያለው ነው። መስማት የተሳናት ሾኮ በምልክት ሳይሆን በራሷ ድምፅ የምትወድደውን ልጅ ሱኪ ትለዋለች፣ እወድሃለሁ ማለቷ ነው፤ እሱ ትሱኪ ይሰማዋል፣ ጨረቃ። ቀና ብሎ ሰማዩን አይቶ አዎ ታምራለች ይላል። በምላሽ 26 አንድ ሰው ሰምና ወርቁ ሳይፈታ የቀረ ቅኔ ብሎታል፤ ደስ የሚል አነጋገር ነው።

ምላሽ 27 ከሁሉ አጭር፣ ከሁሉም ስለታም ነበር። ይህ ሰው ስለ አኒሜ እየጠየቀ አይደለም፤ ባሏ የሞተባት ሴት አለችው፤ ወይ ይናገር ወይ ክሩን ይዝጋ የሚል።

ሁለት ቀን አልመለስኩም። ከዚያ በምላሽ 29 እውነቱን ጻፍኩ። ላገባት የምፈልጋት ሴት 31 ዓመቷ ነው። ባሏ በመኪና አደጋ ካረፈ በመጪው ግንቦት አራት ዓመት ይሞላዋል። ስድስት ዓመት የሆነው ወንድ ልጅ አላት። የሟቹ ፎቶ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ነው፣ ቡና ስንጠጣ እሱ ፊት ለፊቴ ነው። ይህንን እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ሌላ ነው። እኛ አገር ልጅ የአባቱን ስም ይዞ ነው የሚኖረው። ልጁን ከትምህርት ቤት ላመጣው ስሄድ በድምፅ ማጉያ ከነአባቱ ስም ይጠሩታል፤ የሟቹ ስም ግቢውን ሞልቶ ይሰማል። ኪዮኮ ግቢው ውስጥ ውሻዋን ስትጠራ ጎዳይ የሚሰማውን ስም እኔ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ እሰማለሁ። ልጁም ሮጦ ወደ እኔ ይመጣል። በሞተ ሰው እንደቀናሁ የማውቀው ያኔ ነው፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ከዚህ በኋላ የክሩ ድምፅ ተቀየረ። ምላሽ 30 አመሰገነኝ። ምላሽ 31 ተዋት አለኝ፤ ሟች አይሳሳትም፣ አያረጅም፣ ሲነጫነጭ አይሰማም፣ ከእሱ ጋር የሚወዳደር ዕድሜ ልኩን ሲሸነፍ ይኖራል። ምላሽ 32 የራሱን እንጀራ አባት አንሥቶ ከ31 ጋር ተስማማ፣ በጣም መራራ ጽሑፍ ነው፣ ዝርዝሩን እዚህ አልደግመውም።

ምላሽ 33 ከጅዳ የምትጽፍ እህት ናት። ባሏ ሞቶባት ሁለተኛ አግብታለች። ሁለተኛው ባሏ ገና በመጀመሪያው ወር የሟቹን ፎቶ እንድታወርድ በጨዋ አነጋገር ለመናት፤ አወረደችው። ሻንጣ ውስጥ ልብስ ሥር አኖረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መደበቅ ለመደች አለች፦ መጀመሪያ ፎቶውን፣ ቀጥሎ የሟቹ እናት ስትደውል ስልኩን፣ ቀጥሎ እንባዋን፣ በመጨረሻም ከሟቹ ጋር ምንም የማይገናኝ ነገር። ሁለተኛው ባሏ ክፉ ሰው አይደለም። እሷም አልከዳችውም። ነገር ግን ቤታቸው ውስጥ የተቆለፈ ሻንጣ አለ፣ ሁለቱም ያውቁታል። ፎቶውን አውርጂ እንዳትላት፣ እሷ ራሷ ካወረደችውም ለምን እንዳወረደችው ጠይቃት ስትል ጻፈችልኝ።

ምላሽ 35 ደግሞ «ሜዞን ኢኮኩ»ን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ነው፣ በሁለት ነገር አረመኝ። አንደኛ፣ ጎዳይን ከመጀመሪያው ቸር አድርጌ አቅርቤው ነበር። አልነበረም። ሟቹ ምን እንደሚመስል ለማየት ጓጉቶ ፎቶ የሚፈልግ፣ የሚቀና፣ የሚሰክር፣ የሚሸሽ ልጅ ነበር። ደራሲዋም የሶኢቺሮን ፊት አንድም ጊዜ አታሳየንም፤ ሁልጊዜ የሚጋርደው ነገር አለ። ጎዳይ ፈተና አልፎ፣ ሥራ አጥቶ፣ የማታ ቤት አስተናጋጆችን ልጆች እየጠበቀ፣ በመጨረሻ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት ፈቃድ አግኝቶ፣ የሠርጉን ገንዘብ ከአያቱ ተበድሮ ነው መቃብሩ ፊት የቆመው። እዚያ ለሟቹ የሚናገረው ደግሞ አሸነፍኩህ አይደለም። እንደምቀናብህ አልደብቅም፣ ከልቧ መቼም አትወጣም፣ ስለዚህ አንተን ጨምሬ ነው የምወስዳት ይለዋል። ኪዮኮ ከኋላው ሆና ትሰማዋለች። ይህ ቃል የመጣው ከ96 ክፍሎች ማብቂያ አካባቢ ነው፤ አንተ ስንተኛው ላይ ሆነህ ነው በራስህ የምታፍረው ብሎ ጠየቀኝ።

ሁለተኛው እርማት ይበልጣል። እኔ ሁሉን ነገር የጎዳይ ማደግ አድርጌው ነበር። ያደገችው ግን ኪዮኮም ናት። የእሷ ፍርሃት ሟቹን መርሳት ብቻ አልነበረም፤ ሌላ ሰው ከወደድኩ የመጀመሪያው ፍቅሬ ውሸት ሆኖ ይቀራል የሚል ነው። አማቷ ራሳቸው ሕይወትሽን ቀጥዪ እያሏት ዓመታት እምቢ ያለችው ለዚህ ነው። መጨረሻ ላይ የሶኢቺሮን ማስታወሻዎች ለአባቱ የምትመልሰው ማንም አዝዟት አይደለም። ጎዳይ እንዲያውም ራስሽን አታስጨንቂ ብሏታል። በገዛ ጊዜዋ፣ በገዛ እጇ መለሰችው።

ይህንን ሳነብ የጅዳዋ እህት ሻንጣ ትዝ አለኝ።

ምላሽ 31 እንደገና ተመልሶ ሥዕልና ኑሮ ይለያያል አለ፣ ድምፁ ግን ለስልሷል። ምላሽ 37 የአወያዩ ነው፣ ስድብ እንዲቀር። ምላሽ 38 ኪዮኮ ለጋብቻ እሺ ስትል የጠየቀችውን ብቸኛ ነገር አነሣች፦ አንድ ቀን እንኳ ቢሆን ከእኔ በኋላ ኑር፣ ሁለተኛ ብቻዬን መቅረት አልችልም። ማንም ሰው ሊገባው የማይችል ቃል ኪዳን ነው ብላ ተቸችው። ለእኔ ግን ከሰማኋቸው የጋብቻ ጥያቄዎች ሁሉ እውነተኛው ይህ ነው፤ አንድ ጊዜ ቀብራ የመጣች ሴት ቀለበት አትጠይቅም። ከ39 እስከ 42 ያሉት ስለ ሚታካ ናቸው፣ ስለ መልከ መልካሙ የቴኒስ አሠልጣኝ። ሀብት አለው፣ ጥርሱ ያበራል፣ ግን ውሻ ይፈራል። ምላሽ 41 የሟቹን ስም የያዘ ውሻ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሚታካን ይመልስ የነበረው በአጋጣሚ አይደለም አለ። ጎዳይ ግን ውሻውን ለሽርሽር ይወስደው ነበር።

43 የእኔ ነው። ምን ሆነ ብላችሁ ስለጠየቃችሁ ጻፍኩ። ቅዳሜ ማታ የመጀመሪያውን ክፍል እሷ ቤት አብረን ከፈትነው። ልጁ ጎረቤትየው ግድግዳውን ሰብሮ ሲገባ እየሳቀ ተንከባለለ። ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እያልን ቀጠልን። ውሻው የማን ስም እንደያዘ የተገለጠ ማታ እሷ ዝም አለች፤ ተነሥታ ሲኒዎቹን ሰበሰበች፣ ወጥ ቤት ቆየች። ስትመለስ ቀጥልበት አለችኝ። ልሄድ በር ላይ ስደርስ፣ ግንቦት ላይ ለሙት ዓመቱ ወደ መቃብሩ ስንሄድ መኪናውን አንተ ትነዳለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እስከ ዛሬ የምትሄደው ከሟቹ እናት ጋር በታክሲ ነበር። እነዳለሁ አልኳት።

ምላሽ 44፣ ትናንት ማታ የገባው፣ የ35ቱ ሰው ነው። መቃብሩ ፊት ምን ልል እንዳሰብኩ ይጠይቃል። አላሰብኩም። ገና ዘጠነኛው ክፍል ላይ ነን።